ቀለሃው ለምን ተመልሶ አይሞላም? ስለ ከፊል አውቶማቲክ ጠመንጃ፣ ስለ ጥይቱና ስለ ጎጃም

በጎጃም ሰው ተሰብስቦ ሲጫወት ከማዳበሪያ ዋጋ ቀጥሎ የጥይት ዋጋ መነሣቱ የተለመደ ሆኗል። በዚሁ ጨዋታ መሀል አንድ ጥያቄ ብቅ ይላል። በስልክ ከሚዞሩ የውጭ አገር ምስሎች ላይ ሰውየው ረጅም ጠመንጃውን ይተኩስና ጎንበስ ብሎ ቀለሃውን፣ ማለትም የተተኮሰውን ጥይት ባዶ ቅርፊት፣ ይለቅማል፤ ቤቱ ወስዶ ያጥበዋል፤ ከጠረጴዛ ላይ በተተከለች ማሽን ይሞላዋል፤ በሳምንቱ ደግሞ ያንኑ ይተኩሳል። ታዲያ እኛ ለምን እንጥለዋለን? አያቶቻችንስ ይሞሉ አልነበረም ወይ?

ጥያቄው ተገቢ ነው። አያቶች ይሞሉ እንደነበርም እውነት ነው። ነገር ግን አያት የሞላው ቀለሃ፣ በምስሉ ላይ ያለው ቀለሃና ዛሬ በጎጃም ማሳ ላይ የወደቀው ቀለሃ ሦስት የተለያዩ ዕቃዎች ናቸው። ሦስቱን በአንድ ስም መጥራታችን ብዙ ሰው አሳስቷል፤ የጎዳውም አለ።

«አውቶማቲክ» የሚለው ስም

በገጠር መዝጊያው በእጅ ካልተሳበ ጠመንጃው ሁሉ «አውቶማቲክ» ይባላል። በመሣሪያ ቋንቋ ግን ልዩነት አለ። ሙሉ አውቶማቲክ የሚባለው ቃታው እስከተሳበ ድረስ ያለማቋረጥ የሚተኩሰው ነው። ከፊል አውቶማቲክ ደግሞ በአንድ የቃታ ስበት አንድ ጥይት ብቻ ይተኩሳል፤ ሆኖም ባዶውን ቀለሃ የሚያስፈነጥረውና አዲሱን የሚያጎርሰው ራሱ ነው። ኤስ ኬ ኤስ ከፊል አውቶማቲክ ነው። ክላሽ መምረጫው ነጠላ ላይ ሲሆን ከፊል፣ ተከታታይ ላይ ሲሆን ሙሉ ይሆናል።

ሁለተኛው ልዩነት ጥይቱ ነው። የክላሽ ጥይት 7.62 በ39 ይባላል፤ የመጀመሪያው ቁጥር የአፈሙዙ ቀዳዳ ስፋት፣ ሁለተኛው የቀለሃው ርዝመት በሚሊ ሜትር ነው። ይህ መካከለኛ ጥይት ሲሆን ከአፈሙዝ ሲወጣ ኃይሉ ወደ 2,000 ጁል ይሆናል። በእንግሊዝኛ «ባትል ራይፍል» የሚባሉት ግን ሙሉ ኃይል ያለው የድሮ ጦር ጥይት የሚተኩሱ ናቸው፤ የአሜሪካኖቹ ኤም ዋን ጋራንድና ኤም 14፣ የቤልጂጎች ፋል፣ የጀርመኖች ጂ 3። ጥይታቸው፣ ማለትም የጋራንድ 7.62 በ63 እና የሌሎቹ 7.62 በ51፣ ከ3,300 ጁል በላይ ይይዛል። አንድ ተኩል ክላሽ እንደማለት ነው። ክብደቱም እንደዚያው ይጨምራል፦ መቶ የክላሽ ጥይት ከ1.6 እስከ 1.7 ኪሎ ሲመዝን መቶ የፋል ጥይት 2.4 ኪሎ ገደማ ይሆናል። ዝናር ታጥቆ የጮቄን ተራራ የወጣ ሰው ልዩነቱን ለማወቅ ሚዛን አያስፈልገውም።

ከውጅግራ እስከ ኤም ዋን

ውጅግራ ስሙን የወረሰው በአውሮፓ አቆጣጠር የ1874 ሥሪት ከሆነው «ግራ» ከሚባለው የፈረንሳይ ጠመንጃ ነው። ጥይቱ ወፍራም የእርሳስ አረር፣ ትልቅ የናስ ቀለሃና ጥቁር ባሩድ ነበረው። ከዚያ ለበን መጣ፤ ፈረንሳዮች በ1886 ያወጡት፣ ጭስ አልባ ባሩድን ለጦር ሠራዊት ያስለመደ ጠመንጃ። በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ በአገራችን ብዙ አካባቢ ጥይት ከአሞሌ ጎን ለጎን እንደ ዝርዝር ገንዘብ ያገለግል ነበር። ባዶው ቀለሃም ዋጋ ነበረው፤ ተመልሶ ይሞላ ነበርና። በጣሊያን ወረራ ዘመን የነበላይ ዘለቀ አርበኞች ጥይት ከጠላት እየማረኩ ይዋጉ በነበረበት ጎጃም፣ አንዲት ቀለሃ እንኳ በዋዛ የምትጣል አልነበረችም።

የአሜሪካ መሣሪያ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ከ1943 ዓ.ም. ጀምሮ ኮሪያ የዘመተው የቃኘው ሻለቃ ኤም ዋን ታጥቆ ተዋግቷል፤ በ1945 ዓ.ም. ከአሜሪካ ጋር የተፈረመው የመከላከያ ስምምነት ደግሞ የዕርዳታውን በር ከፈተ። ወደ 1969 ዓ.ም. ግን ፊት ወደ ሶቪየት ዞረ፤ የጥይቱም ዓይነት አብሮ ዞረ። በዚህ የተነሣ አሮጌ ኤም ዋን ያለው ሰው ዛሬ ችግሩ ድርብ ነው። ጥይቱ እንደ ልብ አይገኝም። ቢገኝም ጋራንድ ካዝና የለውም፤ ስምንት ጥይት ጨብጦ አብሮ የሚገባ የቆርቆሮ መያዣ ይፈልጋል፤ መጨረሻው ጥይት ሲተኮስ መያዣው ጭል ብሎ ይወጣል። መያዣው ከጠፋ ያ ሁሉ ብልሃት ያለበት መሣሪያ አንድ አንድ እያጎረሱ የሚተኩሱት ይሆናል። ከግድግዳ ላይ ለጌጥ የሚሰቀለው ጠመንጃ አብዛኛውን ጊዜ ተበላሽቶ አይደለም፤ የሚበላው ጠፍቶ ነው።

አያት የሞላው ቀለሃ

ስለ ድሮው ሙያ የሚነገረው ትክክል ነው፤ ግን የሚነገረው ስለ ውጅግራ ጥይት ነው። ጥቁር ባሩድ ሲቃጠል የሚፈጥረው ግፊት ዝቅተኛ ነው። ቀለሃውንም ከሞላ ጎደል ይሞላዋል፤ ሞልቶ ከፈሰሰ ደግሞ በዓይን ይታያል። የሠሪው እጅ ትንሽ ቢሳሳት ጥይቱ ቢደክም ወይም ቢበረታ እንጂ ጠመንጃውን አይሰነጥቅም።

ጭስ አልባ ባሩድ ሌላ ፍጥረት ነው። ዓይነቱ ብዙ ነው፤ አንዱ ፈጥኖ፣ ሌላው ዘግይቶ ይቃጠላል፤ በቀለምና በቅርጽ ግን መንታ ሊመስሉ ይችላሉ። ፈጣኖቹ በጥቂት መጠን የሚሠሩ በመሆናቸው ትልቅ ቀለሃ ውስጥ ድርብ ቢጨመሩ ከላይ አያስታውቁም። ልዩነቱ የሚታወቀው ቃታው ሲሳብ ነው። የ7.62 በ51 ጥይት በትክክለኛው መጠን ሲተኮስ እንኳ በጥይቱ መቀመጫ ውስጥ ወደ አራት ሺህ የከባቢ አየር ግፊት ይፈጠራል። የመኪና ጎማ ሁለት ተኩል እንኳ አይሞላም። ይህን ሁሉ ከተኳሹ ጉንጭ በጥቂት ጣት ርቀት ላይ አምቆ የሚይዘው መዝጊያውና ያቺ ስስ ቀለሃ ናቸው።

ቀለሃ ሥራው ምንድን ነው?

ብዙዎች ቀለሃን የባሩድ ዕቃ ብቻ አድርገው ያዩታል። ዋናው ሥራው ግን መድፈን ነው። ባሩዱ ሲቃጠል የቀለሃው ግድግዳ ተነፍቶ ከብረቱ ጋር ይጣበቃል፤ የጋለው ጋዝም ወደ ኋላ፣ ወደ ተኳሹ ዓይን እንዳይመጣ ይዘጋል። ግፊቱ ሲወርድ ደግሞ ትንሽ ሰብሰብ ብሎ ለመውጣት ይላላል። መነፋትንና መሰብሰብን እንደ ናስ አሳምሮ የሚችል ርካሽ ብረት የለም። የጥይት ናስ ከመቶ ሰባው መዳብ፣ ሠላሳው ዚንክ ነው። (በአማርኛ ናስና ነሐስ እየተቀላቀሉ ይነገራሉ፤ ነሐስ በደንቡ የመዳብና የቆርቆሮ ድብልቅ ነው።)

ይሁን እንጂ ናስ ሙሉ በሙሉ ወደ ቦታው አይመለስም። በእያንዳንዱ ተኩስ ጥቂት ይሰፋል፣ ጥቂት ይረዝማል፣ አንገቱ ይደርቃል። ስለዚህ ሞዪው፣ ማለትም ቀለሃ የሚሞላው ሰው፣ ከመሙላቱ በፊት ቀለሃውን በብረት ቅርጽ አስገብቶ ይጨምቀዋል፤ የረዘመውን ይከረክማል፤ አንገቱ የተሰነጠቀውን ይጥላል። የረዘመው ናስ ከየት መጣ ቢባል ከግርጌው በላይ ካለው ግድግዳ ነው፤ እዚያ ላይ እየሳሳ ይሄዳል። ከውጭ ሲታይ የምታብረቀርቅ ቀጭን ቀለበት ካለች ግድግዳው ሊበጠስ ነው ማለት ነው። ተበጥሶ ግማሹ ውስጥ ከቀረ ጠመንጃው ይነክሳል፤ ጋዙ ካመለጠ ደግሞ ጉዳቱ ሰው ላይ ነው።

ጠመንጃው ቀለሃውን እንዴት ያደርገዋል

መዝጊያው በእጅ የሚሳበው ምንሽር ለቀለሃ ገር ነው። ተኳሹ መዝጊያውን በእርጋታ ይስባል፤ ቀለሃው ቀዝቅዞና ግፊቱ ጠፍቶ ይወጣል። በሚገባ ከተያዘ አሥር ጊዜና ከዚያ በላይ ይሞላል።

ከፊል አውቶማቲኩ እንዲህ አይታገሥም። የጋዙ ጉልበት ገና ሳይበርድ መዝጊያው ወደ ኋላ ይሮጣል፤ ቀለሃውን ጠርዙን ይዞ ይነቅለውና ይወረውረዋል። ቀለሃው ይጎተታል፣ ይመታል፣ አፉ ይጣመማል። በጋራንድና በኤም 14 የሚተኩሱ ሞዪዎች ብዙውን ጊዜ ቀለሃውን ከአራት አምስት ሙሌት በኋላ ይጥሉታል፤ የሚያወጡት ስለተበላሸ ሳይሆን ሊበላሽ ስለሆነ ነው። ጂ 3 ከሁሉ ይብሳል። በጋዝ ቱቦ ሳይሆን ቀለሃው ራሱ መዝጊያውን እየገፋ ስለሚሠራ፣ ቀለሃው እንዳይጣበቅ የጥይቱ መቀመጫ ላይ ቀጫጭን ቦዮች ተቆፍረውበታል። ከጂ 3 የወጣ ቀለሃ በጎኑ ላይ ባሉት ጥቁር መስመሮች ከሩቅ ይለያል፤ ወገቡም ከማስፈንጠሪያው ጋር ሲጋጭ ብዙ ጊዜ ይጎደጉዳል። ፋል በዚህ ረገድ የተሻለ ነው፤ የጋዙን መጠን የሚቀንስ ቀለበት ስላለው ተኳሹ ውርወራውን ማለዘብ ይችላል።

ጉዳዩ በተቃራኒው አቅጣጫም ይሠራል፤ የተሞላው ጥይት ጠመንጃውን ሊጎዳ ይችላል። ጋራንድ ጋዝ የሚወስደው ከአፈሙዙ አጠገብ ነው። የሚዘገይ ባሩድ ከተጨመረ በዚያች ቀዳዳ ላይ ያለው ግፊት ከታሰበው በላይ ይሆንና መዝጊያውን የሚስበው ረጅም ዘንግ ይጎብጣል። ሌላው አደጋ የመምቻው መርፌ ነው። በጋራንድ፣ በኤም 14፣ በአብዛኛው ኤስ ኬ ኤስም መርፌው በጸደይ አልተያዘም፤ ልቅ ነው። መዝጊያው ተስፈንጥሮ ሲዘጋ መርፌው በራሱ ፍጥነት ወደ ፊት ይሄድና የጥይቱን መለኮሻ፣ ማለትም ከግርጌው ሆኖ ባሩዱን የሚያቀጣጥለውን ክፍል፣ በትንሹ ይነካዋል። የጦር ፋብሪካዎች ጠንካራ መለኮሻ የሚጠቀሙት ለዚህ ነው። ለስላሳ መለኮሻ የተገጠመለት ወይም መለኮሻው ወጣ ብሎ የተቀመጠ ጥይት ቃታ ሳይነካ ሊተኩስ ይችላል፤ መዝጊያው በሚገባ ሳይቆለፍ ከሆነ ደግሞ ጠመንጃው ይፈነዳል።

ማሳ ላይ ያለው ቀለሃ

እስካሁን የተነገረው ስለ ናስ ቀለሃ ነው። በጎጃም ዛሬ በብዛት የሚተኮሰው ግን የክላሽ ጥይት ነው፤ የዚህ ቀለሃ በአብዛኛው ብረት ነው፤ ወይ ቫርኒሽ የመሰለ ቀለም የተቀባ ወይ መዳብ የተለበጠ። መዳብ የተለበጠው ናስ ይመስላል፤ ማግኔት ቢያስጠጉት ግን ወዲያው ይያዛል። ብረት እንደ ናስ ተነፍቶ አይሰበሰብም። ለአንድ ተኩስ ታስቦ የተሠራ ነው።

ከዚያ ደግሞ መለኮሻው አለ። ከቀለሃው ግርጌ መሀል የምትታየው ክብ ነገር ስትመታ የምትለኩስ ናት፤ አሠራሯ ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ በርዳን ይባላል፤ መለኮሻው የሚመታበት ጉብታ የቀለሃው አካል ነው፤ እሳቱም ከጉብታው ዳርና ዳር ባሉ ሁለት ትንንሽ ቀዳዳዎች ያልፋል። ሁለተኛው ቦክሰር ነው፤ ጉብታው በመለኮሻው ውስጥ ነው፤ ቀለሃው መሀል ላይ አንድ ሰፊ ቀዳዳ ብቻ አለው። ቦክሰር ከሆነ ከአፉ በኩል መርፌ ሰዶ የተቃጠለውን መለኮሻ በአንድ ግፊት ማውጣት ይቻላል። በርዳን ከሆነ ግን መርፌው ከጉብታው ጋር ይጋጫል። በርዳን አሜሪካዊ፣ ቦክሰር እንግሊዛዊ ነበሩ፤ ሁለቱም በአውሮፓ አቆጣጠር በ1860ዎቹ ነው የሠሩት። የአሜሪካዊውን አውሮፓ፣ የእንግሊዛዊውን አሜሪካ ወሰደው። ሶቪየትና ቻይና የያዙት በርዳንን ነው፤ ወደ እኛ የደረሰው ጥይት በአመዛኙ ከዚያ ወገን ነው። በምስሎቹ ላይ የሚታየው አሜሪካዊ በቀላሉ የሚሞላው አገሩ ናስና ቦክሰር የሞላበት ስለሆነ ነው።

የድሮ ጥይት መለኮሻ ሌላም መዘዝ አለው። ሲቃጠል ጨው ይተዋል፤ ጨው እርጥበት ይስባል፤ በክረምት ደግሞ ጎጃም ውስጥ እርጥበት የማይገባበት ቤት የለም። ዘይት ብቻውን ጨው አያሟሟም፤ አፈሙዙን በሙቅ ውኃ አጥቦ፣ አድርቆ፣ ከዚያ ዘይት መቀባት ነው የሚሻለው።

የጎደለው ቀለሃ አይደለም

እንበልና አንድ ሰው የናስና የቦክሰር ቀለሃ በጆንያ ሰበሰበ። አሁንም ጥይት የለውም። መለኮሻና ዓይነቱ የታወቀ ባሩድ የፋብሪካ ውጤቶች ናቸው፤ በአገር ውስጥ የጥይት ሥራ የሚታወቀው አምቦ አካባቢ ባለው ሆሚቾ ነው፤ ያም የመንግሥት ነው። አሜሪካ ውስጥ አንድ ግለሰብ ለራሱ ለመሙላት ፈቃድ አይጠየቅም፤ ለሽያጭ ሲሆን ነው ፈቃድ የሚያስፈልገው፤ መለኮሻና ባሩዱንም ከሱቅ ይገዛል። ቀለሃ የጥይቱ ውድ ክፍል የሚሆነው እንዲህ ባለ ገበያ ውስጥ ነው። እኛ ዘንድ ሒሳቡ ይገለበጣል፤ ቀለሃው መሬት ላይ ነው፤ ውዱ የማይታየው ነው።

ይህን ክፍተት ለመሙላት ከሌላ ጥይት የተራገፈ ባሩድ መጠቀም ይቻላል የሚሉ አሉ። ከላይ ስለ ፈጣንና ዘገምተኛ ባሩድ የተባለውን ያስተዋለ ሰው ሐሳቡ ለምን እጅ እንደሚያስቆርጥ ይገባዋል። ዓባይ በረሃ ውስጥ በቀትር ፀሐይ የዋለ ጥይት ከጮቄ ውርጭ ካደረው የበለጠ ግፊት አለው፤ ፋብሪካ ይህን አስልቶ ትርፍ ቦታ ይተዋል። በግምት የሞላ ሰው ግን የተወው ትርፍ የለም።

ሕጉና የሁለት ወገን ክርክር

በኢትዮጵያ ጉዳዩን የሚገዛው የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 ነው። መሣሪያ መያዝ በፈቃድ ነው፤ ቀለሃ መሙላትም ጥይት ማምረት ስለሆነ «የራሴን ዕቃ ነው የሞላሁት» ማለት አያድንም።

የዓለም ልምድ አንድ አይደለም። በአውሮፓ አቆጣጠር እንግሊዝ በ1988 አብዛኛውን ከፊል አውቶማቲክ ረጅም ጠመንጃ ከግለሰብ እጅ አስወጣች፤ አውስትራሊያ በ1996፣ ኒውዚላንድ በ2019 ተከተሉ፤ ሦስቱም ከጅምላ ግድያ በኋላ። በአብዛኛው የአሜሪካ ግዛቶች ግን ሕጋዊ ነው።

ጎጃም ውስጥ ያለው ክርክር ከእነዚህ ከሁለቱም ይለያል። አንዱ ወገን ገበሬው ርቆ የሚኖር ነው፣ ከብቱን የሚጠብቅለት ፖሊስ በቅርብ የለም፣ ጠመንጃም ወግ ነው ይላል፤ መንግሥት መሣሪያ ሲቆጥር ደግሞ ግብር ወይም ግጭት ሊከተል ነው የሚል ሥጋትም አለ። ይህ ሥጋት ከሜዳ አልመጣም፤ በ1960 ዓ.ም. በእርሻ ገቢ ግብር ሰበብ የተነሣውን የጎጃም ገበሬ አመፅና አመፁን ለማብረድ የወረደውን ቦምብ ያስታውሳል። ሌላው ወገን ጠመንጃ በበዛ ቁጥር ሽፍትነትና ደም መመላለስ ይበዛል፤ በጠብ መሀል በዱላ ይቆም የነበረው በጥይት ያልቃል ይላል። ሁለቱም የሚናገሩት እውነት አለ። ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ በክልሉ ያለው ግጭት ደግሞ ነገሩን ሁሉ ከሰላም ጊዜ ሕግ ውጭ አድርጎታል።

የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ ግን ሁለቱም ወገኖች ስለ ጠመንጃው ብዙ፣ ስለ ጥይቱ ጥቂት ያወራሉ ባይ ነው። ጠመንጃ በደህና ከተያዘ መቶ ዓመት ይኖራል፤ ጥይት ግን ያልቃል። ስለዚህ መሣሪያው ምን ያህል አደገኛ ወይም ጠቃሚ እንደሚሆን የሚወስነው በየጊዜው የሚገባው ጥይት ነው። እንግሊዝ ውስጥ የመሣሪያ ፈቃድ ላይ ባለቤቱ ሊይዝ የሚችለው የጥይት ብዛት ይጻፋል። እዚህ የሚሠራ መሆኑ አጠራጣሪ ነው፤ ክርክሩ ወደየት ማዘንበል እንዳለበት ግን ያመለክታል። በሠርግና በለቅሶ ወደ ሰማይ የሚተኮሰውም እዚሁ ሒሳብ ውስጥ ይገባል። ሙሉ ኃይል ያለው ጥይት አጋድሎ ከተተኮሰ ከ3 ኪሎ ሜትር በላይ ይሄዳል፤ የሚያርፍበትን የማያውቅ ሰው ነው የሚተኩሰው።

ቀለሃው አሁን የሚሄድበት

ማሳ ላይ የቀረው ቀለሃ ልጆች እጅ ይገባል፤ ያፏጩበታል። ከዚያ ቆራሌው ይገዛዋል፤ ናሱ ወደ ቀጥቃጭ ይሄዳል። አዲስ አበባ ውስጥ ከአሮጌ ቀለሃ ጌጣጌጥ ሠርተው ወደ ውጭ የሚሸጡ የእጅ ባለሙያዎች አሉ፤ ስለዚህ «መልሶ መጠቀም» የሚለው ሐሳብ ከንቱ አይደለም። ነገር ግን በወናፍ በሚነድ ከሰል ናስ ሲቀልጥ ዚንኩ ይተንናል፤ ነጭ ጭስ ሆኖ ይወጣል። ያንን ጭስ የተነፈሰ ሠራተኛ ማታ ላይ እንደ ወባ ያንቀጠቅጠዋል፤ ጠዋት ይተወዋል፤ ስለዚህም ብዙ ጊዜ ብርድ ነው ተብሎ ይታለፋል። የመለኮሻው ዝቃጭ እርሳስ ስላለበት ቀለሃ የታጠበበት ድስት ወደ ማዕድ ቤት መመለስ የለበትም። ከሁሉ የሚከፋው ግን ከባዶዎቹ መሀል ያልተተኮሰ ጥይት ወይም መለኮሻው ያልተመታ ቀለሃ ሲኖር ነው። የተተኮሰ ቀለሃ ከግርጌው መሀል የመርፌ ጉድጓድ አለው፤ ጉድጓድ የሌለው ወይም አረሩ ያልወጣለት ወደ እሳት አይገባም። ቀለሃ የማይመስል፣ ክንፍ ወይም ቀለበት ያለው ነገር ማሳ ላይ ከተገኘ ደግሞ ሳይነኩ ቦታውን ምልክት አድርጎ መራቅ ነው፤ ልጆችንም ማራቅ ነው።